ድምፄን ብቻ የሚሰሙት

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ

አዲሱ ውል ዛሬ ሥራ ጀመረ። የስምንቱ ኮሌጆች ሊግ የቅርጫት ኳስ ጨዋታዎቹን በቀጥታ የማስተላለፍ መብት ለአንድ ድርጅት ሸጧል። ድርጅቱ ከየት እንደሆነ ኮርትን ብጠይቀው "ከኢንተርኔት ነው" አለኝ። የኮሌጃችን የስፖርት ዳይሬክተር ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለው።

ለእኔ የተለወጠ ነገር የለም። ያው ጠረጴዛዬ፣ ያው ማይኬ፣ ያቺው ከኋላዬ የምትንጣጣው የፈንድሻ ማሽን። የሊንድቫል ኮሌጅን ጨዋታ ሃያ ሰባት ዓመት ሳስተላልፍ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ የኛ ተመልካች ኳስ ሊያይ አይመጣም፣ ልጁን ሊያይ ነው። ሦስት መቶ ማይል ርቆ በረዶ የዘጋበት አባት "ወረወረች፣ ሳተች" ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? በልታ እንደሆነ ንገረው። ጉንፋኑ ለቋት እንደሆነ ንገረው። አምና ቢበዛ ሰማንያ ሰው ነበር የሚያየን፤ ስድሳውን በስም አውቃቸዋለሁ።

ዛሬ 611። ቁጥሩ ስክሪኑ ጥግ ላይ ነው የሚታየው፤ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ አየሁት። አዳራሹ ውስጥ ያለነው መቶ አርባ ብንሆን ነው። ዓለም ዘግይታም ቢሆን አገኘችን አልኩ በሆዴ።

የቡድናችን ኮከብ ማረን ቶልፍሰን ሃያ ሁለት ነጥብ አስቆጠረች። ሁለት ቀን ኢንፍሉዌንዛ ይዟት ከሾርባ በቀር ምንም እንዳልቀመሰች፣ ያም ሆኖ "ካልተጫወትኩ" ብላ አሰልጣኟን እንዳስቸገረች ተናገርኩ። ለአያቷ ለአልቪናም እንደ ሁልጊዜው "እንደምን አመሹ" አልኩ። አልቪና ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የአረጋውያን ቤት ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ስለደከመ ጨዋታውን በእኔ ድምፅ ብቻ ነው የምትከታተለው። እንዳለቀ ደወለች።

"አንተ ልጅ፣ የምን ሾርባ ነው የጠጣችው?"

"የዶሮ፣ እማማ።"

"እንዲያ በለኛ! ዋናውን ትተህ ነጥብ፣ ነጥብ ትላለህ።"

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። "አንተ ልጅ" የሚለኝ ሰው እሷ ብቻ ቀርታለች።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

1,480።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። በአሮጌው ገጻችን ላይ ሰው ይጽፍ ነበር። "ከዊስኮንሲን ሰላም ብለናል"፣ "ዘጠኝ ቁጥሯ የኔ ናት"፣ "ኦሪን፣ ክራቫትህ ተጣሟል"። አሁንም መጻፊያ ቦታ አለ። 1,480 ሰው አንድ ፊደል አልጻፈም። ሰው ሞልቶ ማንም በማያስልበት ቤተ ክርስቲያን እንደ መስበክ ነው።

የማረን የግራ እግር አውራ ጣት ጥፍር ወልቆ ግማሽ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ አድርጋ እንደገባች ነገርኳቸው። ዓይኔ እያየ ቁጥሩ በሁለት መቶ ዘለለ። ልጅቷን ወደዋታል ማለት ነው። ማን የማይወዳት አለ?

ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ

በረዶው ከሐሙስ ጀምሮ አላባራም። የእንግዶቹ አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ዘገየ፣ ሰዓቱን እኔ መሙላት ነበረብኝ። ስለ ክሪስታ አወራሁ። የማረን እናት ናት፤ ሁለት መቶ ማይል ርቃ ፎርክሪክ የምትባል ከተማ ውስጥ የጥርስ ክሊኒክ ትሠራለች። አረንጓዴ ፒክአፗን ክሊኒኩ ጀርባ ለብቻዋ እንደምታቆም፣ ከሥራ ስትወጣ መጀመሪያ በረዶውን በአካፋ እንደምትጠርግ፣ ከዚያ ሞተሩ እስኪሞቅ ውስጡ ቁጭ ብላ በስልኳ እኔን እንደምትሰማ ተረኩላቸው። ራሷ ናት የነገረችኝ። ይህን የመሰለ ታሪክ ይዞ ዝም ማለት ነውር ነው።

2,306። ማንም አልጻፈም።

ዲሴምበር 4፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። በአራት ነጥብ አሸነፍን። ማረን መጨረሻ ላይ ሁለት የቅጣት ውርወራ ሳተች፤ እንዲህ ስትስት አይቻት አላውቅም። ያም ሆኖ አሸንፈናል፣ ምን ቸገረን።

ከጨዋታው በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም፣ ጋሽ ኦሪን። አንድ የማላውቀው ሰው ነው።"

አሳየችኝ። "በስድስት ማሸነፍ ነበረባችሁ። በአንቺ ምክንያት ተበላሁ። ጥፍርሽ እስካሁን አልዳነም ማለት ነው?" ይላል።

"በናንተ ጨዋታ ይቆመራል እንዴ?" አልኳት።

"በሁሉም ይቆመራል እኮ፣ ጋሽዬ" አለችኝ፣ እኔ ሕፃን እሷ አሮጊት የሆንን ይመስል።

ምቀኛ ነው፣ እርሺው አልኳት። የጥፍሩን ነገር ከየት እንደሰማ አልጠየቅሁም። ከየትም ሊሰማ ይችላል።

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ኮርት ሳያንኳኳ ገባ። ሲደሰት እንዲህ ነው።

"ድርጅቱ ምን እንዳለ ልንገርህ? ከሊጉ ሁሉ ሰው ረጅም ሰዓት የሚቆየው አንተ ጋ ነው!"

"እኔ ጋ?"

"አንተ ጋ! ሌላው ጋ ሁለት ደቂቃ አይተው ይሄዳሉ። ደግሞ ስማ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ምስሉን ዘግተው ድምፅህን ብቻ ነው የሚሰሙት።"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቄ! ብቻ እንዳታቆም። ያንን የአያት፣ የሾርባ ወሬህን ጨምርበት ብለዋል።"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። ወደ ቤት ስነዳ መስታወቱን እያየሁ ፈገግ ስል ራሴን ያዝኩት። አባቴም ላሞቹን እያለበ ቤዝቦል በራዲዮ ነበር የሚሰማው፤ ድምፅ ብቻ። ግን አባቴ ይስቅ ነበር፣ ይሳደብ ነበር፣ ባልዲ በእርግጫ ይመታ ነበር። እነዚህ ምን እያደረጉ እንደሚሰሙኝ አላውቅም።

ጃንዋሪ 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጨዋታ የለም። ከገና ዕረፍት በኋላ መስመሩ ይሠራ እንደሆን ለማየት ከቀትር በኋላ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ የበራው መብራት ግማሹ ብቻ ነው፣ ማሞቂያውም ጠፍቷል። ማይኩን ከፍቼ "አንድ፣ ሁለት" አልኩ። ቁጥሩን አየሁ። 212።

ስሕተት ነው ብዬ ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት። 214።

"ዛሬ ጨዋታ የለም" አልኳቸው። "ረቡዕ ነው። ሂዱ፣ ምሳችሁን ብሉ።" ሳቅሁ። ሳቄ ባዶውን አዳራሽ ዞሮ ወደ እኔው ተመለሰ። አንድም ሰው አልወጣም። ካሜራው ባዶ ወለል ላይ አተኩሯል፣ እኔ ቁጥሩን አያለሁ፣ እነሱ ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ ግራ ገባኝ።

ያኔ ማረን ብቻዋን ልትለማመድ ገባች። ከልማድ የተነሳ አፌ ቀደመኝ። "ማረን ቶልፍሰን መጣች፣ ቀኝ ጉልበቷን በፋሻ አስራለች፣ ትንሽም ታነክሳለች" አልኩ።

390። 512። ማን ማንን እየጠራ ነው?

ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ማረን ከወዲያ ማዶ እጇን አውለበለበችልኝ።

ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ

ማረን ጉልበቷን የሚጠይቅ ሃያ መልእክት ደርሷታል። ጤና የሚመኝላት አንድም የለም፤ ሁሉም "ስንት ደቂቃ ትጫወቻለሽ?" ነው የሚለው። አሰልጣኟ ቡድኑን ሰብስባ ጮኸች። "ከመካከላችን አፉን የማይዘጋ ሰው አለ!" ስልካቸውን ሁሉ ቅርጫት ውስጥ አስጣለቻቸው። እኔም ከልቤ ደገፍኳት። ፋሻ የምታስርላቸውን ተማሪ ጠርጥሬያለሁ፤ ዓይኗ አንድ ቦታ አያርፍም።

እኔ የምናገረው አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያየውን ነው።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ማንም እንዳልነበረ ትዝ ያለኝ ይህን ስጽፍ ነው። ቢሆንም።

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

በሁለት ተሸነፍን። አልቪና ዘግይታ ደወለች።

"መስመሩ ተይዞብኝ ነው" አለች። "ከጨዋታ በኋላ የሚደውልልኝ ሰው አለ። ምን ዓይነት ጨዋ መሰለህ! የማረን አድናቂ ነው። ስለ ጉልበቷ ይጠይቀኛል፣ ስለ ክሪስታም ይጠይቀኛል።"

"ስሙ ማነው?"

"አልጠየቅሁትም። ድምፁ ግን ደስ ይላል።"

"ስልክዎን ከየት አገኘ?"

"አንተው አይደለህ እንዴ የኛን ቤት በስም እየጠራህ 'እንደምን አመሹ' የምትለኝ! ወደ ቤቱ ቢሮ ደውሎ አገናኙኝ አላቸው፣ አገናኙት።"

"እማማ፣ ዳግመኛ እንዳያናግሩት።"

"እና ከማን ጋር ላውራ? ከግድግዳው ጋር?" ብላ ተቆጣችኝ።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለማረን ፎቶ ተላከላት። በረዶ የለበሰ አረንጓዴ ፒክአፕ፣ የክሊኒኩ የኋላ በር፣ በሩ አጠገብ የተደገፈ አካፋ። ከሥሩ "በሚቀጥለው ጨዋታ አትሳቺ" ይላል። ልጅቷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የፎርክሪክ ፖሊስ ኃላፊ፣ ሸሪፉ፣ በስልክ "የቆመ መኪና ፎቶ ማንሳት ወንጀል አይደለም" አለ።

ሰው ምን ያህል ክፉ ነው!

እኔ ምን ላድርግላት? ያለኝ ማይክ ነው። በዕረፍት ሰዓት "ልጃችን ማረን ከባድ ጊዜ ላይ ናት፣ እናቷን ክሪስታን በጸሎት አስቧት" አልኩ። 3,918። እስከ ዛሬ ትልቁ ቁጥራችን ነው። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

ክሪስታ መጣች። ከጨዋታው በፊት ጠረጴዛዬ ጋ ቆማ ጓንቷን አወለቀች።

"ጋሽ ኦሪን፣ ልቆጣዎት አልመጣሁም።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ያን ማታ እኔው ራሴ መኪናው ውስጥ ሆኜ ሰምቼዎታለሁ። አረንጓዴ ፒክአፕ፣ ክሊኒኩ ጀርባ፣ ለብቻዋ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ሰው ስለ እኔ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።"

ወንበር ስቤ ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

"ለማረን አልነገርኳትም" አለች። "እርስዎን በጣም ነው የምትወድዎት። አሁን መኪናዬን ፖስታ ቤቱ ፊት ነው የማቆመው። እባክዎ፣ ይህንን እንዳይናገሩ።"

ዛሬ ነጥብ ብቻ ተናገርኩ። አፈርኩ። ተማሪዋን ጠርጥሬ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ክፉ አስቤ አልነበረም፣ ይህ መቼም ይታወቅልኝ።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ተንኮል አሰብኩ። እነሱ የሚያምኑት አፌን ከሆነ፣ አፌ ይዋሻቸው። በዕረፍት ሰዓት "ማረን ሆዷን አሟታል፣ ሁለተኛውን አጋማሽ የምትጫወት አይመስለኝም" አልኩ። ልጅቷ እንደ ወፍ ጤነኛ ናት።

ቁጥሩ ከአራት ሺህ ወደ ሰባት ሺህ ሲሄድ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ኮርት ከቢሮው እየሮጠ ወረደ።

"ድርጅቱ ደውሎ ነበር! ምን ሆነች? ውርርዱ ሁሉ ተገለባበጠ ይላሉ።"

"ድርጅቱ ከውርርድ ጋር ምን አገናኘው?"

"ድምፁንም ምስሉንም ለአወራራጆች ይሸጣላ! ውሉ ላይ አለ፣ አርባኛው ገጽ። አላነበብከውም?"

"አንተስ?"

ኮርት ጫማውን አየ። "ዛሬ ነው ያነበብኩት።"

ማረን ገብታ ሃያ አምስት ነጥብ አስቆጠረች። እንዴት ኮራሁ! ጉዳቸው ፈላ፣ ይገባቸዋል አልኩ።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ

ትናንት ያሰብኩት ነገር ሞኝነት ነው። እኔን አምነው ተበሉ፤ ግን ዕዳውን በእኔ ላይ አልጻፉትም። ማረን ስልኳን ስትከፍት መቶ አርባ መልእክት። "ታመሻል አልተባለም እንዴ?" "አስመሳይ።" ከዚህ የከፋውን አልገለብጠውም።

ጠዋት የመኝታ ክፍሏን በር ስትከፍት ደጃፉ ላይ የዶሮ ሾርባ ተቀምጦ አገኘች። ከከተማችን ምግብ ቤት ነው፣ እንፋሎቱ ገና አልበረደም። "ለሆድሽ" የሚል ወረቀት አለው። ምግብ ቤቱ ማን እንዳዘዘ አያውቅም፤ በስልክ ያዘዘው ሰው ጨዋ ነበር፣ ድምፁም ደስ ይል ነበር አሉ።

ሄጄ ሾርባውን እኔ ደፋሁት።

ፌብሩዋሪ 12፣ ረቡዕ

ማረን ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች። አንድ ሻንጣ ብቻ ይዛ ቢሮዬ መጣች።

"የት እንደምሄድ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። ለእርስዎም ልንገርዎት።"

"አትንገሪኝ" አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

"ካልነገርኩዎት እንቅልፍ አይወስድዎትም። አውቅዎታለሁ እኮ፣ ጋሼ።" ጠጋ ብላ ነገረችኝ። "ለአያቴ አልነገርናትም። ያ የሚደውልላት ሰውዬ ከጠየቃት ትነግረዋለች። ክፋት አይታያትም።"

"እኔስ?" አልኳት። ልነግራት ነበር። ሁሉንም፣ ከጥፍሩ ጀምሬ።

"እርስዎማ እርስዎ ነዎት" ብላ አቀፈችኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት አፌ ተዘግቶ አያውቅም፤ የተዘጋው መከፈት በነበረበት ቀን ነው። የሄደችበትን ቦታ እዚህም አልጽፈውም።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

የሊጉ ማጠቃለያ ውድድር። ልጆቹ ያለ ማረን ግማሽ ፍጻሜ ደርሰዋል። አላስተላልፍም ብዬ ነበር። "አንተ ከሌለህ የልጆቹን ስም በትክክል ማን ይጠራቸዋል?" አለ ኮርት። በዚህ ያዘኝ። ወለሉ ላይ ያለውን ብቻ፣ ሌላ ምንም፣ ብዬ ለራሴ ምዬ ገባሁ።

ድርጅቱ አብሮኝ የሚቀመጥ ብሪስ የሚባል ወጣት ልኳል። ጥርሱ ነጭ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ደህና ልጅ ነው። እስከ ሦስተኛው ሩብ ድረስ መልካም ሄድን። ከዚያ እያየኝ ፈገግ አለና፣ ማይኩ ክፍት እንደሆነ፣ "ኦሪን፣ ተመልካቾቻችን ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። ማረን ቶልፍሰን የት ናት?" አለኝ።

የጠየቀ ተመልካች የለም። መጻፊያው ቦታ እንደ ወትሮው ባዶ ነው። ብሪስ ፊት ያለውን ወረቀት አየሁ፤ ጥያቄው ታትሞ ነው የመጣው።

"አላውቅም" ማለት ቀላል ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ የከተማው ስም ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ከወጣ እሱ ነው የሚወጣው ብዬ ፈራሁ። ከንፈሬን ነከስኩ። ብሪስ ቀጥል እያለ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ኳሱ ወዲህ ወዲያ ይሄዳል፣ እኔ ዝም። ቁጥሩ መውረድ ነበረበት፤ ዝም የሚል ሰው ማን ይሰማል? 6,204። 6,890። 7,500። ዝም ባልኩ ቁጥር ይጨምራል። ትንፋሼን በማዳመጫዬ እሰማዋለሁ፤ እነሱም እየሰሙት ነበር።

በመጨረሻ "አርባ አንድ ለሠላሳ ስምንት" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ከነጥብ በቀር ቃል አልወጣኝም።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገባ። "አርባ ሰከንድ ዝም አልክ። ታውቃለህ ማለት ነው።"

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አልቪና ናት፤ አነሳሁት።

"አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም አልክ? ልጄ የት ናት?"

"አላውቅም፣ እማማ።"

"አትዋሸኝ! ክሪስታም አላውቅም ትለኛለች። እኔ ዓይን የለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሞታ እንደሆነስ እያልኩ ነው የማድረው። ለእኔ ብቻ ንገረኝ።"

"እማማ፣ እውነቴን ነው።"

የአልቪና ድምፅ እንዲህ ዝቅ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

"ኦሪን፣ ታውቃለህ። ያ ጨዋ ሰው አሁን ሌላኛው መስመር ላይ ነው፤ ኦሪን ያውቃል፣ ጠይቂው ብሎኛል።"

አሮጊቷ እያለቀሰች ስልኩን ዘጋሁባት።